የዝናብ ቀን ናሙናዎች

አሥራ አንድ ቁጥር ቅቤ ቅቤ ሸተተ። ሐመልማል ሳጥኑን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ክዳኑን ከፈተችና ደግማ አሸተተች። አሥር ቁጥርን አሸተተች፤ ምንም። አሥራ ሁለትን አሸተተች፤ ምንም። ወደ አሥራ አንድ ተመለሰች። ቅቤ ነው፤ ያውም የተነጠረ፣ ኮረሪማ የገባበት። እነዚህ ናሙናዎች ውስጥ የሚገባው ቡላና ውሃ ብቻ ነው፤ ጨው እንኳ አይገባም። ቡላው ከበዴሳ ከአባቷ ጓሮ እንሰት የመጣ፣ በአንድ ቀን የተጨመቀ ነው። ውሃው የተጣራ ነው። ሙቀቱን ራሷ ቴርሞሜትር ይዛ ቆማበታለች። ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ፣ መመረቂያ ጽሑፏ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተፈረመበት ለሚቀጥለው ዓመት በሚተላለፍበት ቀን፣ ናሙናዋ የእሑድ ቁርስ ሸተተ።

ቅቤ ፍሪጁ ውስጥ ክፍቱን ይቀመጥ እንደሆነ አክስቷን ጠየቀቻት። ሽታዬ ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ ዘወር ሳትል መለሰች። አንድ ፍሪጅ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ እርስ በርሱ ይሸታተታል አለች። እሷም የምትጠጣው ውሃ ቡላ ቡላ ማለት ከጀመረ ወር አልፎታል፤ ተናግራ ታውቃለች? አታውቅም። ፍሪጁ የአክስቷ ነው። ሱቋን ከዘጋች በኋላ የተረፋት እሱ ብቻ ነው፤ በሩ መስታወት የሆነ የለስላሳ ማቀዝቀዣ፣ አሁን ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን በዳንቴል ተሸፍኖ የቆመ። የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ፍሪጅ ሞተሩ ከተቃጠለ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ግዢ ክፍሉን በጠየቀች ቁጥር «ፕሮሰስ ላይ ነው» ይሏታል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራ ውስጥ አብስላ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ታፈስሰዋለች፤ ከነቅርጽ ማውጫው ወደ ቤት ይዛ ትመጣለች፤ ማግስቱን ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል ይውላል፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ይዛ ትሄዳለች። ዛሬም የምትወስደው ሳጥን አንድ፣ ለነገ የሚቀረው ሳጥን ሌላ አንድ፣ ሁለቱም በአክስቷ የውሃ ጠርሙሶች መካከል ተቀምጠው አደሩ።

ጋሽ ዱባለ ከመኝታ ቤት ወጡ። የአክስቷ ባል ናቸው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩ፣ ጫማቸውን ለሊስትሮ ሰጥተው የማያውቁ ሰው። ደፍ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ራሳቸው ቦረሹ፤ ግራውን ጨርሰው ቀኙን፣ ከዚያ እንደገና ግራውን። ሻይ ቀረበላቸው። ስኳር አልነበረውም። ሽታዬ ስኳር ለጤና ጥሩ አይደለም ብላ ካስቀረችው ሰንብታለች፤ የእሑዱንም ሥጋ እንዲሁ ለጤና ብላ አስቀርታለች፤ ሐመልማል ይህ የጤና ነገር ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች የመጣ ፋሽን መስሏት ነበር። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲል ጋሽ ዱባለ አረንጓዴ ፎልደራቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉና በሩ ላይ ቆመው ወደ ዳሞታ ተራራ ቀና አሉ። አናቱ አይታይም።

«ሐመልማል፣ ዛሬ ይዘንባል?»

ይህን ጥያቄ በየቀኑ ይጠይቃሉ፤ የሚጠይቁትም እሷን ብቻ ነው፣ የተማረች ስለሆነች። እሷም በየቀኑ ያው መልስ ትሰጣለች።

«አላውቅም ጋሼ። የእኔ ኬሚስትሪ ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉና ወጡ።

ባጃጁ ሦስት ብር የነበረው አራት ሆነ፤ ዕቃ ይዘሻል ተባለች። ዕቃው ጭኗ ላይ ነው ብትል ሾፌሩ መስታወቱ ውስጥ አይቷት ጭንስ ባጃጁ ላይ አይደለም ወይ አለ። ምን እንደሆነ ሲጠይቃት ቡላ አለችው፤ ምን ልታደርጊው ሲላት ልበጥሰው አለችው። ከዚያ በኋላ እስከ ግቢው በር አላናገራትም። አባቷም እንዲሁ ናቸው፤ ሰው ልጅህ ምን ትማራለች ሲላቸው ቡላ ትበጥሳለች ለማለት እያፈሩ መድኃኒት ነገር ነው ይላሉ። እሷ ግን ነገሩን በጥቂት ቃል ማስረዳት ትችላለች፤ የሚሰማት ካለ። ቡላ በውሃ ሲበስል ስታርቹ ውስጥ የታጠፉት ረጃጅም ሰንሰለቶች ይፈታሉ። ሲቀዘቅዝ እዚህም እዚያም እየተያያዙ መረብ ይሆናሉ። ውሃው መረቡ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ቅርጽ ያለው፣ የሚለጠጥ፣ ከመቶው ዘጠና እጁ ውሃ የሆነ ነገር ይገኛል። ጄል የሚሉት እሱን ነው። መረቡን በዓይን ማየት አይቻልም። ሲበጠስ ግን የተበጠሰበት መንገድ ስለ አሠራሩ ይናገራል፤ የት ላላ፣ የት ጠበቀ፣ ማን ከማን ጋር ተያይዞ ነበር። እሷ ለሁለት ዓመት የደከመችው ይህን ለመስማት ነው።

ላቦራቶሪው ውስጥ መብራት የለም። የላቦራቶሪ ረዳቱ አንጁሎ መስኮቶቹን ሁሉ ከፋፍቶ ጠበቃት። የኪንዶ ገጠር ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ነጭ ጋዋኑን እንደ ክት ልብስ የሚጠነቀቅለት። ጄኔሬተሩ ለአስተዳደር ሕንፃው ብቻ መነሣቱን ነገራት፤ እዚያ ስብሰባ ስላለ፣ የስብሰባውም ርእስ ስለ ኃይል ቁጠባ መሆኑን ጨመረላት፣ ሳይስቅ። አሥራ ሁለቱን ቁራጮች አወጡ። እያንዳንዱ ሁለት ጣት የሚሰፋ፣ ስንዝር የማይሞላ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። በጎናቸው በምላጭ ትንሽ ትንሽ ቀድዳ በመቆንጠጫ ይዛ ብረቱ ላይ ሰቀለቻቸው፤ ከእያንዳንዱ ሥር ሁለት መቶ ግራም ውሃ ያለበት ኩባያ አንጠለጠለች። ስልኳ እየቀረጸ ሰዓቱን እንዲይዝላት አስባ ነበር። ባትሪው አልቋል፤ ማታም መብራት አልነበረም። ስለዚህ ሁለቱ ወንበር ስበው ተቀምጠው ማየት ጀመሩ።

መቼም እንዲህ ያለ ሥራ ትዕግሥት ይጨርሳል። ክብደት የተሸከመ ጄል ምንም አይሆንም። ለግማሽ ሰዓት ታየዋለህ፣ ቅዳዱ ያው ነው፤ ይህ ነገር የተሸከመው አልከበደውም ትላለህ። ውስጡ ግን ሰንሰለቶቹ አንድ በአንድ ከተያያዙበት እየተንሸራተቱ ይላቀቃሉ፤ አንዱ የለቀቀውን ጎረቤቱ ይሸከማል፣ ጎረቤቱ ሲለቅ ቀጣዩ። ከዚያ አንድ ጊዜ፣ አንዴ ለመሳል እንኳ በማይበቃ ጊዜ፣ ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። በሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ ሦስት ቁጥር ወደቀ። ስድስት ተከተለ። ከዚያ ሌሎቹ፤ የመጨረሻው በሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ። አሥራ አንድ ቁጥር ብቻ፣ ቅቤ ቅቤ የሚሸተው፣ ኩባያውን እንደ ያዘ ቀረ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከአማካሪዋ ጋር ቀጠሮ ስላላት አንጁሎን ዓይኑን ከእሱ ላይ እንዳያነሣ አደራ ብላው ሄደች። ሽንት ቢመጣብኝስ አላት። ያዘው አለችው።

ዶክተር ወልደመስቀል ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጠበቋት። ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ በዚያም ምክንያት ይበልጥ የሚያስፈሩ ሰው ናቸው። ሐመልማል ያጠናቀረችው ግራፍ ላይ ነጥቦቹ በብዛት አንድ ቦታ ተሰብስበዋል፤ ስምንቱ ግን ከላይ፣ ለብቻቸው፣ እንደ ተቆጣ ሰው ርቀው ተቀምጠዋል። እነዚያ ስምንቱ ሁለት ሰዓትና ሦስት ሰዓት የተሸከሙ ናቸው። ዶክተሩ በእርሳስ አንድ አንድ ክብ ሠሩባቸው። አንድ ዓይነት ጄል ሁለት ዓይነት አይሞትም አሏት። ከዚህ በፊት ቁጥር ቤቱ ጽፎ ያመጣ ተማሪ ገጥሟቸው እንደ ነበር፣ እሷ እንዲያ ታደርጋለች ብለው እንደማያምኑ፣ ነገር ግን ኮሚቴው ይህን ግራፍ ሲያይ እሳቸው የሚያምኑትን እንደማይጠይቅ ነገሯት። ያለ ምክንያት ስምንቱን አውጥቶ መጣልም አይፈቅዱም። ቁጥር ለመፈብረክ ቢሆን ኖሮ ከአርባ ሳጥን በላይ በባጃጅ ጭኗ ላይ ለምን ታመላልስ ነበር? ይህን የምትልበትን ቃል ስትመርጥ ዶክተሩ እርሳሱን አስቀመጡ። ከልጅነቷም እንዲሁ ናት፤ ስትናደድ ትክክለኛውን ቃል ስትፈልግ ሰዓቱ ያልፋል።

ዶክተሩ ትንሽ ለዘብ አሉ። ከመሳቢያቸው ሌላ ወረቀት አወጡ። የግብርና ክፍሉ ግቢው ውስጥ ከተከለው የዝናብ መለኪያ የወሰዱት ቁጥር ነው። ስምንቱም ናሙናዎች የተፈተኑት ጠዋት ዝናብ በጣለበት ቀን ማግስት ነው፤ አንድም አልተዛነፈም። እርጥበት ይሆናል አሏት። ባለ ሁለት ገጽ ማብራሪያ ጽፋ፣ እርጥበቱ መረቡን አጥብቆታል ብላ፣ እስከ አሥር ሰዓት ብታመጣላቸው ይፈርማሉ። ውሸት ነው አላሉም፤ እውነት ነው አላሉም። ይህን ሲሉ መስኮቱ ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ወደቁ፤ ወዲያው ቆርቆሮው ሁሉ ጮኸ።

በሩጫ ስትመለስ አንጁሎ እንዳለ ነው፤ አሥራ አንድ ቁጥርም እንዳለ ነው። ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ፣ በፍሪጅ ውስጥ፣ በቤት ውስጥ ያደረ ነገር ምን የዝናብ እርጥበት ያገኘዋል? ለአንጁሎ ይህን እየነገረች ከቀደሙት ስምንት ናሙናዎች ስብርባሪ የቀረውን ከጠርሙስ አወጣች። የሚሠራ ማይክሮስኮፕ አንድ አለ፤ በመብራት ሳይሆን በመስታወት የሚሠራው አሮጌው። መስኮቱ ሥር አስጠግተው በደመናው ብርሃን አዩ። የእሷ ጄል የተበጠሰበት ፊት እንደ ጠርሙስ ለስላሳ ነው፤ ስንጥቁ ገባ፣ ሄደ፣ ወጣ። የስምንቱ ግን ሌላ ነው። መረቡ ውስጥ ያልፈነዱ ሙሉ ሙሉ የስታርች እንክብሎች ተቀብረዋል፤ ስንጥቁ እያንዳንዱን እየዞረ፣ ሽቅብ እየወጣ ቁልቁል እየወረደ ነው ያለፈው፤ በሰኞ ገበያ ሰው መሀል መንገድ ፈልጎ እንደሚያልፍ ሰው። በዚያ ላይ እንክብሎቹ በዘፈቀደ አልተበተኑም። ቅስት ቅስት ሠርተው ወደ አንድ ወገን ዞረዋል።

አንጁሎ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አላነሣም። በገዛ ቋንቋው አንድ ነገር አጉረመረመና በአማርኛ መለሰው።

«ይሄ የተማሰለ ነው።»

«እኔ አላማስልም። ውሃ ላይ ነው የማሞቀው።»

«አንቺማ አይደለሽም። እናቴ ስትሠራ ግማሹን መጀመሪያ ታበስላለች። ግማሹን በቀዝቃዛ ውሃ ትበጠብጥና ኋላ ትጨምራለች፣ እንዲጠና። ከዚያ ወደ ቀኝ ብቻ ነው የምታማስለው። ወደ ግራ ከዞረ ይቀጥናል ትላለች። ይሄንን ያማሰለው እጅ ያለው ሰው ነው፣ መምህርት።»

ሐመልማል ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስለ ቅቤው አሰበች። ከዚያ ተነሥታ ዣንጥላ እንኳ ሳትይዝ ወጣች።

ቤቱ ስትደርስ ስድስት ሰዓት አልሞላም። የውጭው በር ገርበብ ብሏል። ጋሽ ዱባለ ሳሎን ውስጥ በነጠላ ጫማና በካናቴራ ተቀምጠው ሳህን ይዘዋል። እርጥብ ኮታቸው ወንበሩ ጀርባ ላይ ተሰቅሏል፤ የተቦረሸው ጫማ በጋዜጣ ተጠቅጥቆ ግድግዳው ሥር ቆሟል። አረንጓዴው ፎልደር ተከፍቶ ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ እንዲደርቁ ተዘርግተዋል፤ ሁሉም አናታቸው ላይ «ጉዳዩ፡ አቤቱታን ይመለከታል» ይላሉ፤ ሁሉም ግርጌያቸው ላይ የገቢ ማኅተም አላቸው። ሳህኑ ላይ ያለው በቅቤ የሞቀ ቡላ ነው፣ ጎኑ ላይ ትንሽ የበርበሬ ዳጣ። ሁለት ጣት ይሰፋል። ሐመልማል ልኩን ታውቀዋለች።

ማንኪያቸውን እንደ ያዙ ተነሡ። ስብሰባው ቶሎ ተበተነ አሉ። ማንም ስለ ስብሰባ አልጠየቃቸውም ነበር። ሳህኑን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ወረቀቶቹ እንዳይነኩ ተጠንቅቀው አስቀመጡትና መኝታ ቤት ገብተው በሩን በቀስታ ዘጉ። ቁልፍ አልዞረም። የአልጋው ድምፅም አልተሰማም፤ በሩ ሥር የእግራቸው ጥላ ይታያል፤ እዚያው ቆመዋል።

ኩሽና ውስጥ ሽታዬ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ ታማስላለች። ወደ ቀኝ። ከጎኗ የሐመልማል ቅርጽ ማውጫ ታጥቦ ተደርድሯል፤ ቁጥር የምትጽፍበት ማርከርም አለ። ስታያት ማማሰሉን አላቆመችም፤ ቢቆም ይቋጠራል። ሐመልማል ይህን ስታይ ጠዋት ያልወጣላት ቃል ሁሉ አንድ ላይ መጣ። በሹክሹክታ መጮኽ ይቻላል ቢሏት አታምንም ነበር፤ ቻለች። ሁለት ዓመት አለች። አሥራ አንድ ሰዓት አለች። ሌባ ሊሉኝ ምንም አልቀራቸውም አለች። ሽታዬም በሹክሹክታ መለሰች። ስትናደድ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«ምን ጎደለብህ? ቁጥሩ አለ። ቡላው ከራስህ ጆንያ ነው። ውሃውን በሲኒ ነው የለካሁት። አንድ ቀን ሳጥኑን ባዶ አግኝተህ ታውቃለህ?»

አላገኘችም። ያናደዳትም ይኸው ነበር፤ አክስቷ ያደረገችው ሁሉ በጥንቃቄ ነበር። ቁጥሩን በእሷው የእጅ ጽሑፍ አስመስላ ጽፋለች። የተበላውን ቦታ ሳታዛንፍ ሞልታለች። ዛሬ ጠዋት ያሸተተችው አሥራ አንድ ቁጥር እንኳ የቅቤው ድስት በደንብ ባለመታጠቡ እንጂ በሌላ አይደለም፤ ሽታዬ ለዚህ ብቻ ይቅርታ ጠየቀች፣ ለድስቱ። ሐመልማል ምድጃው አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠችና መጠየቅ ያለባትን ሳይሆን መጠየቅ የምትችለውን ጠየቀች።

«የትኞቹ ናቸው?»

ሽታዬ በጭንቅላቷ በሩን አመለከተች። ከበሩ ጀርባ የቤተ ክርስቲያናቸው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ላይ በእስክሪብቶ ትንንሽ ነጥብ፣ ከነጥቡ ጎን ቁጥር። ቁጥሩ እንዳይጠፋባት የጻፈችው ነው። ሐመልማል ቆጠረች። ዘጠኝ ናቸው። ስምንቱ የዶክተሩ፣ ዘጠነኛው አሁን ላቦራቶሪው ውስጥ የተሰቀለው። ቀኖቹ ሁሉ ጠዋት የዘነበባቸው ናቸው፤ ይህን ያወቀችው ከዝናብ መለኪያው ነው። ለምን በዝናብ ቀን ብቻ እንደሆነ ግን መለኪያው አያውቅም።

ሽታዬ ድስቱን አውርዳ ነገረቻት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። በጥር ወር መሥሪያ ቤቱ አዲስ መዋቅር ሠርቶ ሠራተኛውን ደለደለ። የተመደቡት ስም ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የዱባለ ስም በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የለም፤ በሁለተኛው ላይ «ተንሳፋፊ» ከሚል ርእስ ሥር አምስተኛ ሆኖ ተገኘ። ቦታው ዲፕሎማ ይጠይቃል ተባለ። ዲፕሎማ የሌለው ሌላ ሰው ግን ተመድቦበታል፤ በግምገማው ላይ ስለ ዱባለ ክፉ የተናገረው፣ በአንድ ለአምስቱ አብሮት የተጠረነፈው ሰው። ጠብቅ፣ ትጠራለህ አሉት። ደመወዙ ከየካቲት ጀምሮ ቆመ። እሱም ይጠብቃል። በየቀኑ በሰዓቱ ሄዶ ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ዛፉ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ሲጠሩት እንዳያጡት። ሲዘንብ ግን አግዳሚው አያስቀምጥም። በዝናብ ካፌ ገብቶ ለመቀመጥ ሻይ መግዛት ያስፈልጋል። ስለዚህ ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ ባዶ ሆዱን ማስቀመጥ አትችልም፤ በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ የበሰለ ነገር የልጅቷ ብቻ ነው። እንዳታውቂ የፈለገው እሱ ነው አለች። አንቺ ፊት ሠራተኛ ሆኖ መታየት ይፈልጋል፤ የአየሩን ነገር የሚጠይቅሽ ለጨዋታ አይደለም።

ሐመልማል ለሁለት ወር ተኩል በየማለዳው የሰጠችውን መልስ አስታወሰች። ለራሷም ሌላ ንዴት መጣባት፤ የጄል ስንጥቅ በሩብ ሚሊሜትር የምትለካ ሰው ስኳር የሌለውን ሻይ ጤና ነው ብላ ጠጥታለች።

ደብተሯን አወጣችና ስለ ቡላው ጠየቀች። ስንት ሲኒ፣ ስንት ደቂቃ፣ ቀዝቃዛው የሚገባው መቼ ነው። ሽታዬ በመጀመሪያ እያፈረች፣ ኋላ ግን እየተቆጣጠረች መለሰች፤ የሐመልማል አሠራር ቡላ እንደማይሆን፣ ለበሽተኛ የሚቀጥን ሾርባ እንደሆነ ነገረቻት። ዶክተሩ ያሉትን ማብራሪያ ጽፋ በዝናብ ማመካኘት ትችል ነበር፤ ሐመልማል ይህን አላሰበችም አይባልም። ሁለት ገጽ ነው፤ ማንንም አይጎዳም፤ ጋሽ ዱባለንም አያነሣም። ነገር ግን ነጥቦቹ በእርጥበት ጠነከሩ ብላ ከጻፈች የአክስቷ እጅ ይጠፋል፤ እጁ ደግሞ እዚያ አለ፣ ቅስት ሠርቶ፣ በዓይኗ አይታዋለች።

«ሙሉ ስምሽን ልጻፈው። ሁለተኛ አዘጋጅ ብዬ።»

ሽታዬ ማማሰያውን አስቀመጠች።

«የት ነው የሚለጠፈው?»

«አይለጠፍም። መጽሐፍ ውስጥ ነው የሚገባው።»

«ተይው። ስም ያለበት ወረቀት አይቻለሁ፤ ይበቃኛል።»

ስትመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። አንጁሎ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ ፊቱን ስታይ ገባት። አሥራ አንድ ቁጥር አራት ሰዓት ያህል ተሸክሞ ነበር፤ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ለሰላምታ ስትጠራው ዞር አለ፣ ተመልሶ ሲያይ ኩባያው ወለሉ ላይ ነው። ሰባት ሰዓት ከሃያ ይሁን ከሃያ አምስት አያውቅም። ልትጮኽበት ምንም አልቀራትም። ይህ ቤት፣ ይህ ግቢ፣ ይህ አገር አንድ ነገር ተቀምጦ እያየ ሰዓት የሚመዘግብ አንድ ሰው አጣ? ሸኝታው ተቀመጠችና በእጇ አንድ ገጽ ተኩል ጻፈች። ዘጠኙ ናሙናዎች በሁለተኛ አዘጋጅ፣ በአካባቢው ባህላዊ አሠራር የተዘጋጁ መሆናቸውን፣ ይህንንም ተመራማሪዋ ከፈተናው በኋላ ማወቋን፣ ያልፈነዱት እንክብሎች የስንጥቁን መንገድ ማስረዘማቸውን፣ ዕድሜያቸውም ከሌሎቹ በአንድ ቀን የሚያንስ መሆኑን። ስለዚህ ለብቻቸው እንዲታዩ። ከአሥራ አንድ ቁጥር ጎን «የተበጠሰበት ሰዓት በትክክል አልተመዘገበም» ብላ ጨመረች፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀደው ደረሰ።

ዶክተር ወልደመስቀል ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሁለተኛ አዘጋጅ የተባለችው ስም የላትም ወይ አሉ። ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም አለች። ለምን ብለው ጠየቁ፤ ሐመልማልም ስም የተለጠፈበት ወረቀት ስለማትወድ ነው ብላ መለሰች። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። በመስኮቱ ወደ አስተዳደር ሕንፃው፣ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው አዩ።

«እኔም አልወድም» አሉ። ወረቀቱን አስቀምጠው «ዝናቡስ?» አሏት።

«ዝናቡ ዘንቧል። ናሙናውን ግን አልነካውም፣ ዶክተር።»

የቀረውን አልጠየቁም። አሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ ፈረሙ፤ ፈርመውም የባህላዊው አሠራር ጄል ከእሷው ይልቅ የተሻለ ስለሆነ ከሰኔው ዲፌንስ በፊት ሃያ ናሙና ደግማ፣ በዚህ ጊዜ በትክክል ጊዜውን መዝግባ እንድታመጣ አዘዟት። ሃያ፣ እያንዳንዱ አራት አራት ሰዓት። ቅጹን ሬጅስትራር ልትዘጋ ከተነሣችው ሴት እጅ ላይ አድርሳ ስትወጣ ደስታው ሳይሆን ድካሙ ነበር የተሰማት።

አመሻሹ ላይ ሁለቱ ሴቶች ሳሎን ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ የውጭው በር ተንኳኳ። ጋሽ ዱባለ ነበሩ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ተመልሰው ሄደዋል። ኮታቸው ደርቋል። ጫማቸውን ደጃፍ ላይ በቅጠል ጠርገው ገቡ። ሽታዬ እንደ ወትሮዋ ሥራ እንዴት ዋለ አለች፤ እሳቸውም ደህና፣ ስብሰባ በዛ አሉ። ሐመልማል ምስሩን እያየች ሁለቱንም አንገታቸውን ይዛ መነቅነቅ አማራት። ምሳ ሰዓት ላይ ከእሳቸው ጋር ፊት ለፊት ተያይተዋል። ሳህኑ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ፎልደሩ ግን በቦታው፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ ከምትፈልገው በላይ ጠነከረ። «አንድ ሰው ቸግሮኛል። የተሰቀለ ነገር ተቀምጦ አይቶ፣ የተበጠሰበትን ደቂቃ በትክክል የሚመዘግብ። አንጁሎ አይሆንም፤ ዓይኑን ያነሣል። ሃያ ቀን ያህል ነው፤ ስምዎ አይጻፍም። ምሳ አብረን እንበላለን። ከነገ ጀምሮ ቢመጡልኝ።»

ጋሽ ዱባለ ሽታዬን አዩ። ሽታዬ ምስሯን አየች። ሐመልማል የሰው ፊት ላይ ምንም ሳይታይ ስንት ነገር እንደሚላቀቅ ለመቁጠር የሞከረች ይመስል ትክ ብላ ጠበቀቻቸው። ጋሽ ዱባለ ተነሡ፤ በሩን ከፍተው ወደ ዳሞታ ቀና አሉ። አናቱ አሁንም አይታይም።

«ነገ ሥራ አለኝ» አሉ። ጀርባቸውን እንደ ሰጡ ቀጠሉ። «ከዘነበ ግን… አያለሁ።»